ከጅራቱ የተጠቀለለ

ወሬው ሲደርሳት የአልጋ አንሶላ እየዘመዘመች ነበር። የሆስፒታሉ የስፌት ክፍል ምድር ቤት ነው፤ ከልብስ ማጠቢያው የሚመጣው እንፋሎት ግድግዳውን ስለሚያረጥበው ጨርቅ ሁሉ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። ኃላፊዋ ነርስ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ሌላ ቀን ቢሆን ገና ከደረጃው ላይ ሳለች ነው "ጋውኑስ? ዛሬም የለም?" እያለች መነዝነዝ የምትጀምረው። ያን ቀን ግን ስለ ጋውኑ አልጠየቀችም።

"ከራዲዮ ጣቢያው ደውለው ነበር" አለች በመጨረሻ። "ወንድምሽ ወድቆ ነው።"

"ተነሣ?"

ነርሷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አላነሣችም። የጀመረችውን ጠርዝ እስከ ጥጉ ሰፋች፣ ክሩን በጠሰች፣ አንሶላውን አጥፋ ከተዘመዘሙት ላይ ደረበችው።

ጋሼ ነበር የምትለው። በዘጠኝ ዓመት ይበልጣታል። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲያልፉ እሷ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ ፀጉሯን ማበጠር የተማረው ያኔ ነው፣ ያውም እያስለቀሳት። ሁለቱም ትዳር ሳይዙ ቀሩ። ሁለት ክፍልና አንዲት ማድቤት ባለው ቤት ውስጥ፣ ኋላ ላይም እሷ ከሆስፒታሉ እሱ ከጣቢያው እየተመለሱ፣ በጠቅላላው አርባ ዓመት ሙሉ አብረው ራት በሉ።

ጣቢያው ውስጥ ሥራው የቴፕ ማህደር ጠባቂነት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት። ሲቀጠር ሣጥን ተሸካሚ ሆኖ ነው፤ ኖታ ማንበብ እስኪሞት ድረስ አልቻለም። ጣቢያው አንዲት አነስተኛ አዳራሽና አንድ ጥሩ ፒያኖ ነበረው፤ ተጫዋቾች እየመጡ ክላሲካል ሙዚቃ ይቀዱበታል፤ የተቀዳው በትልልቅ ጥቅል ቴፕ ሆኖ ወደ እሱ ይወርዳል። እሱ ይሰማዋል፣ ከአድማጭ በኩል የመጣውን ሳል በምላጭ ቆርጦ ያወጣዋል፣ ሁለቱን ጫፍ ያጣብቃል፣ ቁጥር ሰጥቶ ይደረድረዋል። እንዲህ እያለ ጆሮው ተሳለ። ቼሎ የሚጫወተውን ሰውዬ በወንበሩ ሲጥታ፣ ቫዮሊን የምትጫወተውን ልጅ ገጽ ስትገልጥ በምታሰማው ኮሽታ ይለያቸው ነበር።

ሙዚቃ ደራሲዎቹን በስማቸው አይጠራቸውም። ባህ "ሽማግሌው" ነው፣ ቤትሆቨን "ቁጡው"፣ ሹበርት "ምስኪኑ"። ከሥራ ገብቶ ጫማውን እየፈታ፣ ዛሬ ሽማግሌው እንደ ልማዱ ሰዓቱን ጠብቆ መጣ፣ ምስኪኑ ግን ዛሬም ቤቱ ጠፍቶት ሲዞር ዋለ ብሎ ያወራላታል። ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ይህን ለዓመታት ስትሰማ ኖራ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆመችውና ያ ምስኪን ዘመዳችሁ ተሻለው ወይ ብላ ጠየቀችው። ፊቱን ሳይለውጥ "እንደነበረ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ" ብሏት አለፈ።

እህቱ የሽማግሌው ወገን ነበረች። የባህ ሙዚቃ እንደ ጥሩ ስፌት ነው ትል ነበር፤ ቢገለብጡት ጀርባው አያሳፍርም። ሹበርትን ግን አልወደደችውም።

"ይሄ ሰውዬ ክሩን ቋጥሮ አይበጥስም እንዴ? ጨረሰ ስል ይጀምራል።"

"የት ሄዶ እንዲገባልሽ ነው የምታቻኩይው፣ እህት ዓለም?" ይላታል።

ለዓመታት የቆረጣቸውን ሳሎች አልጣላቸውም። እርስ በርስ እያጣበቀ አንድ ጥቅል ሞላቸው፤ የሃያ ዓመት ጉንፋን። ሰው ሲከፋው ያን ያሰማዋል። ወፍራም ሳል፣ ቀጭን ሳል፣ ልታፍነው ስትታገል ያመለጣት ሴት ሳል፣ ከኋላ ወንበር "ውይ!" የሚል ድምፅ። እሷ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከሆስፒታል የወጣች ሰሞን አሰምቷት፣ ስፌቱ እንዳይፈታ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ለምናው ነው ያቆመላት።

ከሁሉ በላይ የሚወዳት ተጫዋች መምህርቷ ነበረች። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምር፣ ባለ ወፍራም መነጽር ሴት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣች የሹበርትን የፒያኖ ሶናታዎች ቀዳች። ያንኑ አንዱን ሶናታ አምስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ፤ ስትጨርስ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ "ገና አልሆነልኝም" ትላለች። ሸክላ አላሳተመችም፣ ከከተማው ወጥታ አልተጫወተችም፣ ቤቷ ቅጂ አልነበራትም። የተጫወተችው ሁሉ በእሱ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሁለት መቶ ሦስት ጥቅል። የመጀመሪያውን ድምፅ ከመንካቷ በፊት በአፍንጫዋ አጠር አድርጋ ትተነፍሳለች። የጣቢያው የድምፅ መሐንዲስ ይህን ትንፋሽ ቆርጠህ አውጣው ብሎ ሲያዘው፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ አልታዘዝም አለ። ትንፋሿ ከወጣ ማን እየተጫወተ እንደሆነ በምን ይታወቃል አለ።

እህቱ አንድ ጊዜ ልትነካካው ብላ ነበር። "ሻይ እንኳን ጋብዛት እንጂ ጋሼ፣ አትበላህም።"

መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ። "ከቴፑ ውጭ ምን አውርቼ አውቃለሁ ብለሽ ነው" አለ።

መምህርቷ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ከመሞቷ በፊት በነበረው ክረምት አንድ ቅዳሜ፣ የመጨረሻውን ሶናታ ተጫውታ ስታበቃ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ "ይሄኛው ይሁን" አለች። በአሥራ ስምንት ዓመት አንዴ። ጋሼ ያን ቀን ቤት ሲገባ ጫማውን ሳይፈታ ነው ለእህቱ የነገራት፤ ቃሉ በቴፑ መጨረሻ ላይ አብሮ ተቀድቷል። በሣጥኑ ላይ ግን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቁጥር ብቻ ጻፈበት። ቁጥሩ የቱ እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ ለሌላ ሰው የሚያስፈልግ አልመሰለውም።

ሌላም ነገር ነበረ በመጨረሻ እሱ ብቻ የሚያውቀው፤ ወይም እሱና እህቱ። ቴፕ ተጠቅልሎ ለዓመታት ሲቀመጥ የአንዱ ዙር ድምፅ ጎረቤቱ ዙር ላይ ጥላውን ይጥላል። ከመጀመሪያው በኩል ተጠቅልሎ ከሆነ፣ ፒያኖው ሳይነካ በፊት የፒያኖው ጥላ ከሩቅ ይሰማል። ያ ለጋሼ ነውር ነበር። እናም ማንኛውንም ሙዚቃ ከጅራቱ ነው የሚያስቀምጠው፤ መጨረሻው ከላይ፣ መጀመሪያው ከውስጥ። ጥላው ያኔ ከድምፁ ኋላ ይመጣና ከድምፁ ሥር ይደበቃል። የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ጥቅሉን ወደ ሌላው መሽከርከሪያ መመለስ አለበት። ሳይመልስ ካጫወተው ሙዚቃው ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። የቀድሞ ሠራተኞች ሁሉ ይህን ያውቁ ነበር፤ አንድ በአንድ ጡረታ ወጡ፣ በእነሱ ቦታ ቴፕ ነክተው የማያውቁ፣ በኮምፒውተር የሚሠሩ ልጆች ገቡ።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የጣቱ መገጣጠሚያ አብጦ ቴፕ መሰካት አቃተው። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች ትሰካለት ጀመር፤ መርፌ የለመደ እጅ ነውና ቶሎ ያዘችው። አንድ ቅዳሜ ሊያስቃት ብሎ አንዱን ሳይመልስ አጫወተላት። ፒያኖው ፒያኖ መሆኑ ቀረ፤ እያንዳንዱ ድምፅ ከባዶ እያበጠ መጥቶ አናቱ ላይ ሲደርስ ይቆረጣል፤ አኮርዲዮን የሚያንቅ ሰው ያለ ይመስል ነበር።

ያኔ ነው ወረቀት እንጻፍ ማለት የጀመረው። ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ አንዲት ወረቀት፦ ጥቅሎቹ ከጅራታቸው ናቸው፣ ከመስማት በፊት ይመለሱ። የእሱ እጅ እስክሪብቶ አይዝም፣ የእሷ ጽሕፈት ያምራል። "ያቺን ወረቀት ዛሬ እንጻፋት፣ እህት ዓለም" ይላታል ራት ላይ። እሷም ነገ፣ እሑድ፣ የአንሶላው ጥድፊያ ሲያልፍ ትለዋለች። ለጡረታው አምስት ወር ሲቀረው በሁለት መደርደሪያዎች መካከል ወድቆ ተገኘ።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው ከጣቢያው ደወለ። አዲሱ የማህደር ኃላፊ ነኝ አላት። ሐዘኗን ተካፈለ፤ ከዚያም በጣም እያፈረ፣ ወንድምዎ ስለ ቴፖቹ ቤት የተዉት ዝርዝር ወይም መመሪያ ይኖር ይሆን፣ መታወቅ ያለበት ነገር ካለ ብሎ ጠየቀ። የጋሼን ሸሚዞች አጣጥፋ በካርቶን እየከተተች ነበር። በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ስልኩን ይዛ፣ ሰውዬው ቶሎ እንዲተዋት ብቻ ነበር የፈለገችው።

"ምንም የለም" አለችው። "ሁሉንም በጭንቅላቱ ነበር የሚይዘው።"

አመስግኖ ዘጋ።

በአምስተኛው ሳምንት የጋሼን ካፖርትና የሥራ መነጽር ልትወስድ ወደ ጣቢያው ሄደች። ኃላፊው አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ለሰው ወንበር ሳይስብ የማይቀመጥ ሰው ነው። ዕቃውን በሥርዓት በአንድ ሣጥን አድርጎ አቆይቶላታል። ወለሉ ለአዲስ ስቱዲዮ ሊታደስ ስለሆነ ክፍሉ በወር መጨረሻ መለቀቅ እንዳለበት ነገራት፤ ደህናዎቹን ቴፖች ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ሲያጣሩ ከርመዋል። ቀጥሎ ያለውን ለመናገር ሲቸገር አየችው።

"መደበቅ አልፈልግም እትዬ። አብዛኞቹ ተበላሽተው ነው ያገኘናቸው። በተለይ የፒያኖዎቹ። እርጥበት ይሆናል።"

ወንድሟ በእርጥበት ነገር እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሰው እንደነበር ልትነግረው አፏን ስትከፍት፣ ጥግ ላይ ጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አድርጎ የተቀመጠው አጣሪ ሠራተኛ አንዱን ጥቅል አንሥቶ ሰካና ሊያሳያት አጫወተው። ድምፁ እያበጠ መጣ፣ ተቆረጠ። እያበጠ መጣ፣ ተቆረጠ።

የሚዞረውን ጥቅል አየችው።

"አልተመለሰም" አለች። ቃሉ እንደ ሹክሹክታ ነው የወጣው። አጣሪው አልገባውም። ሣጥኑን ወንበሩ ላይ ጥላ ወደ ማሽኑ ሄደች፣ ጥቅሉን ነቀለች፣ በሌላው በኩል ሰካች፣ እስከ ጫፉ መለሰችው፣ አጫወተችው። አጠር ያለ የአፍንጫ ትንፋሽ ተሰማ። ከትንፋሹ በኋላ ፒያኖው ጀመረ፤ ጥርት ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ያ ክሩን የማይበጥሰው ሰውዬ።

ሦስቱም ቆመው ሰሙ። ኃላፊው የማጣሪያ ወረቀቱን ያየው ነበር። በእያንዳንዱ ጥቅል ፊት አንድ ምልክት አለ፤ አሥር ሰከንድ ተሰምቶ ደህና፣ ወይም ብልሽት። መምህርቷ በሞላ ብልሽት ናት። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ደህና የሚል ምልክት ካገኙት ጥቂቶች አንዱ፣ ጋሼ ሰው ማሳቂያ ስለሆነ እንደ ተራ ቴፕ ከመጀመሪያው ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው የሳል ጥቅል ነበር። ተገልብጦም ነበር። ሙሉውን፣ አርባ ሁለት ደቂቃ።

"የቀሩት የታሉ?" አለች።

ከሁለት መቶ ሦስቱ አንድ መቶ አርባው ባለፈው ረቡዕ በጭነት መኪና ወጥተዋል። ፕላስቲክ ወደሚፈጭበት ቦታ።

ኃላፊው ራሱ በመኪናው ወሰዳት። ግቢው ከከተማው ዳር ነው፤ በሽቦ አጥር ውስጥ የጠርሙስና የባልዲ ክምር። ዘበኛው የራዲዮዎቹ ዕቃ ማክሰኞ ተፈጭቷል አለ፤ ሣጥኑም መሽከርከሪያውም። ክሩ ግን ማሽኑን እየተጠመጠመ ስላስቸገረ ቀድመው በቢላ እየሸነተሩ ነው ያወጡት። በእጁ አመለከተ። ቡናማው ቴፕ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከጭቃው ጋር ተለውሶ፣ እንደ ተበጣጠሰ ፀጉር ተቆልሎ ነበር። አንድ ጭብጥ አነሣች። ክንድ የማያክሉ ቁርጥራጮች ናቸው። በመዳፏ ላይ ዘረጋቻቸው፣ የቱ ጫፍ መጀመሪያ እንደሆነ ለማየት ገለባበጠቻቸው። ከዚያ ከነበሩበት መለሰቻቸው፣ እጇን በመሐረብ ጠረገች።

"በስልክ ሲጠይቁኝ" አለች ለኃላፊው፣ መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ ሳታየው። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። እሱም ሞተሩን አስነሣ።

ከማግሥቱ ጀምሮ ከሆስፒታሉ እየወጣች ወደ ጣቢያው ትመጣ ጀመር። ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ከዚያ በላይ ሕንፃው አይከፈትም። ኃላፊው እስከ ወር መጨረሻ ያለውን ጊዜ ሰጣት፤ ከዚያ በኋላ ግንበኞቹ ይገባሉ፣ እሱም ሊያስቆማቸው አይችልም፤ ሞክሮ ነበር። ሥራው የሚቸኮል አይደለም። ቴፑ አርጅቷል፤ በፍጥነት ከተመለሰ ጋሼ ያጣበቀው ቦታ ሁሉ ይለቃል፤ በለቀቀ ቁጥር ቆማ በምላጭና በማጣበቂያ ታገናኘዋለች። ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ወደ ኮምፒውተሩ እስኪገለበጥ ሙዚቃው የሚፈጀውን ጊዜ ሁሉ መጠበቅ ነው። በቀን አንድ ጥቅል ከሆነላት ጥሩ ቀን ነው። የማትወደውን ሹበርትን ከዳር እስከ ዳር ትሰማዋለች፤ የምትሰማው ግን ሙዚቃውን አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ያቺን ይሄኛው ይሁን የምትል ቃል ነው የምትጠብቀው። የመጨረሻው ድምፅ ይሞታል፣ ወንበሩ ይንቋቋል፣ መምህርቷ ገና አልሆነልኝም ትላለች። ሌላ ቀን ሌላ ጥቅል፤ ገና አልሆነልኝም። ያ የሆነላት ቀን ከቀሩት ስልሳ ሦስት ጥቅሎች መካከል ይሁን ሽቦው ላይ ከተንጠለጠለው፣ የሚያውቅ የለም።

አጣሪው ሠራተኛ አብሯት ይቀመጣል። ቤት ሂድ ብትለውም አይሄድም። መጀመሪያ ሰሞን ቀና ብሎ አያያትም ነበር፤ ኋላ ላይ መሰካት ተማረ፣ እንዲያውም እየቀደማት ያጣብቃል። አንድ ቀን መሽከርከሪያው ሲዞር እያየ ተናገረ።

"ክፋት አልነበረም እትዬ። አንድ ሰው አንዲት ቃል ቢነግረኝ ኖሮ…"

"አንድ ሰውማ ተጠይቆ ነበር" አለችው።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም፤ እሷም አላስረዳችውም። ከኪሷ መሐረቧን አውጥታ የማሽኑን ክዳን ወለወለች። ንጹሕ ነበር።

ቤት ስትገባ ራት ለአንድ ሰው መሥራት ገና አልለመደችም፤ ይተርፋታል። ጎረቤቷ ግድግዳው ዝም ስላለባት ነው መሰል ማታ ማታ በሩን ታንኳኳለች፣ ደህና ነሽ ወይ ብላ ትመለሳለች። ሽማግሌውን ልትሰማ ራዲዮውን ከፍታ ነበር፤ እኩል እኩል የሚሄደው ስፌት አንጀቷን ስላላራሰው ዘጋችው። አልጋዋ ላይ ሆና ያን የስልክ ንግግር መልሳ መልሳ ትናገረዋለች። "አዎ፣ አንድ ነገር አለ" ትላለች በሐሳቧ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በአሥረኛው ቀን፣ ጥቅሉ ገና አጋማሹ ላይ ሳለ ድምፁ መንሸራተት ጀመረ። ፒያኖው እየወፈረ፣ እየዘገየ ሄደ። አጣሪው ቶሎ አቆመውና ክዳኑን ከፈተ። ቴፑን እየጨበጠች የምትስበው ትንሿ ጎማ ደርቃ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ማሽኑ ለጣቢያው የቀረው የመጨረሻው ነው። ከአጣሪው ጋር በየጥገና ቤቱ ዞሩ፤ አንዱ ሽማግሌ ጥገና ባለሙያ ጎማዋን በጣቶቹ አገላብጦ አይቶ፣ እንዲህ ያለ ነገር መሠራት ሲያቆም የእርስዎ ፀጉር ጥቁር ነበር ብሎ በእሷ ቀለደ። እሷም ፈገግ አለችለት። ከሆስፒታሉ የጋሪ ጎማ በልኳ ቆርጣ፣ በአሸዋ ወረቀት ሞርዳ፣ በእጇ ሠርታ ሞከረች። ቴፑን አጨማደደው። እንዳይበጥሰው ፈርታ አቆመች።

ትናንት ኃላፊው ግንበኞቹ ሰኞ እንደሚገቡ ነገራት። ጥቅሎቹን ቤቷ እንድትወስዳቸው ፈረመላት፤ ማሽኑንም ጭምር። አሁን በጋሼ ክፍል ውስጥ፣ ካርቶኖቹ አጠገብ፣ ከግድግዳው ራቅ ብለው ተደርድረዋል። ዘጠኙ ተመልሰው ተገልብጠዋል፤ በዘጠኙም ላይ ያቺ ቃል የለችም። አሥረኛው ማሽኑ ላይ እንዳለ ከመሐሉ ቆሟል። ሃምሳ ሦስቱ አልተመለሱም። ጎማዋ አልተገኘችም።